ለድሬ ሙቀት የሚሆን ትንሽ አኳሪየም፦ ከመስታወቱ እስከ ሽሪምፑ

ድሬዳዋ ላይ አኳሪየም የሚጀምር ሰው ሁለት ነገር ከወዲሁ ይወቅ። ውሃችን ካልሲየም የበዛበት ከባድ ውሃ ነው። ቤታችን ደግሞ ይሞቃል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት አብዛኛው ምክር ቤቱ ለሚበርደው ሰው የተጻፈ ነው፤ ገና ሳትጀምሩ ማሞቂያ ግዙ ይላችኋል። አቦ፣ ድሬ ላይ ማሞቂያ ምን ያደርጋል? የኔ ምክር አጭር ነው። ውሃውን ለመለወጥ አትታገሉ። ለውሃውና ለሙቀቱ የሚሆነውን እንስሳ ምረጡ።

ውሃው ከባድ ለመሆኑ ማስረጃው ኩሽና ውስጥ አለ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት። የተጋገረው ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ውሃው መሬት ውስጥ የኖራ ድንጋይ እያሟሟ ይዞት የመጣ። ለቀንድ አውጣ ዛጎልና ለሽሪምፕ (ቅርፊታሟ ትንሽ የውሃ እንስሳ) ቅርፊት ይሄ ቀለብ ነው። ጉፒና ፕላቲ የሚባሉት ዓሦችም ይስማማቸዋል። ኒዮን ቴትራ፣ ዲስከስና ክሪስታል ሽሪምፕ ግን ለስላሳና አሲድነት ያለው ውሃ የሚፈልጉ ናቸው። ቪዲዮ ላይ ቢያምሩም ለኛ አይሆኑም።

የሙቀቱ ጉዳይ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባህር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። 30 ዲግሪ ሲደርስ 7.5 ገደማ ይሆናል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከዚያም ዝቅ ይላል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ዓሣው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አስር ዓሣ የሚያኖር መስታወት እኛ ጋ ስድስት ቢይዝ ይበቃዋል።

መስታወቱን ማዘጋጀት

ትንሽ ማለት በጣም ትንሽ ማለት አይደለም። ክቧን የጠረጴዛ ብርጭቆ እርሷት። ውሃዋ ጥቂት ስለሆነ በአንድ ቀትር ትግላለች፣ በሁለት ቀን ትበከላለች። 40 ሊትር አካባቢ ለጀማሪ ጥሩ መጠን ነው።

የተሠራ ካላገኛችሁ መስታወት ቤት አስቆርጡ። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ይሁን። ለወለሉ አንድ 50 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ለፊትና ለኋላ ሁለት 50 በ30፣ ለሁለቱ ጎን 28.8 በ30። ጎኖቹ ያነሱት በፊትና በኋላው መስታወት መካከል ስለሚገቡ ነው። ጠርዙን እንዲሞርዱላችሁ ጠይቁ፤ ካልተሞረደ እጅ ይቆርጣል። መስታወቱን የሚያጣብቀው ሲልከን ላይ ግን አትቸኩሉ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሻጋታ መድኃኒት ተጨምሮበታል፣ እሱ ደግሞ ሽሪምፕ ይገድላል። ‹‹ለአኳሪየም›› የሚል ወይም መቶ በመቶ ሲልከን የሆነና ምንም መድኃኒት የሌለበት ፈልጉ። መስታወቱን በአልኮል ጥረጉት። አጣብቁት፤ በፕላስተር አስራችሁ ለአንድ ሳምንት ተዉት። የኮምጣጤ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ በረንዳ ላይ ውሃ ሙሉበትና አንድ ቀን አሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ ሳሎን ሳይገባ ይታወቅ።

ውሃ፣ አሸዋና መስታወት አንድ ላይ ከግማሽ ኩንታል በላይ ይመዝናሉ። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም። ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ፤ አንዲት ጠጠር ከወለሉ ሥር ብትገባ መስታወቱን ትሰነጥቀዋለች።

ቦታው ፀሐይ የማይደርስበት፣ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይሁን። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ዝቅ ያለ ቦታ ከፍ ካለው ይሻላል። ፍሪጅ አናት ላይ በፍጹም አይሆንም። የበርጫ ክፍል ውስጥም ባይሆን ይመረጣል። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ነው የሚያስገባው፤ የሲጋራውንም የዕጣኑንም ጭስ አብሮ ይጨምረዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የወባ ትንኝና የበረሮ መርጫ ነው። በነዚህ ውስጥ ያሉት ፓይረትሮይድ የሚባሉ ኬሚካሎች ሰውን ብዙም አይጎዱም፤ ለዓሣና ለሽሪምፕ ግን በጥቂቱም ገዳይ ናቸው። ቤት የሚረጭበት ቀን ፓምፑን ንቀሉ፣ መስታወቱን በፕላስቲክና በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑ፣ መስኮት ተከፍቶ ሽታው እስኪወጣ ጠብቁ። የሚረጩት ሰዎች ሲመጡም ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሸዋና ድንጋይ

የግንባታ አሸዋ ይበቃል። ከደቻቱ ራሳችሁ ሄዳችሁ አታንሱ፤ ወንዙ ከተማው የጣለውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ከአሸዋ ሻጭ ንጹሑንና ሻከር ያለውን ገዝታችሁ በወንፊት ንፉት። ከዚያ ሳፋ ውስጥ እያማሰላችሁ እጠቡት። ብዙ ውሃ ይፈጃል። የምትደፉት ውሃ ጥርት እስኪል አታቁሙ። መጨረሻ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወለሉ ላይ አንጥፉ።

ድንጋይ ከወደዳችሁ አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ጉፒና ቀንድ አውጣ ለምትይዙ ችግር የለውም። የዛገ ብረት ያለበትንና የሚያብረቀርቅ የብረት ሥር የሚታይበትን ግን ተዉት።

ውሃውን ማዘጋጀት

ቧንቧ ሲመጣ ክሎሪን ይዞ ይመጣል። ክሎሪን ጀርም እንደሚገድል ሁሉ ማጣሪያው ውስጥ የምትፈልጓቸውን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ብታቆዩት ይወጣል። በርሜል ውስጥ ለፈረቃ ያጠራቀማችሁት ውሃም ብዙውን ጊዜ ክሎሪኑ ሄዶለታል። የሮቶ ውሃ ከሆነ በጠዋት ቅዱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ገላ መታጠቢያ እንጂ ለዓሣ አይሆንም።

ባልዲውን በአጎበር ጨርቅ ሸፍኑት። ይሄን ቀልድ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ የደንጊ ወረርሽኝ አይታለች። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በእንዲህ ያለ በተጠራቀመ የቤት ውሃ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው አዲሷ የወባ ትንኝም እንደዚያው። ዓሣ ያለበት አኳሪየም አያሰጋም፤ ጉፒ እጩን ለቅሞ ይበላል። አደገኛው ጎኑ የተቀመጠው ባልዲ ነው።

ተክል፣ ማጣሪያና ትዕግስት የሚጠይቀው ወር

ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል። ከዚያ አሞኒያ ይወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ካልበዛ አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አዲስ ዓሣ በሳምንቱ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ግን ‹‹ዓይን በላብኝ›› ይላል።

እኛ ጋ ነገሩ ይብሳል። አሞኒያ የሚከፋው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ሲልና ውሃ ሲሞቅ ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ክፍል አስር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከባድ ውሃ ደግሞ ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ይቺን ወር መዝለል አይቻልም።

ማጣሪያችሁ ስፖንጅ ይሁን። ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦና ስፖንጅ በቃ። ርካሽ ነው፤ ሽሪምፕ አይስብም፤ ውሃውን እያናጠ ኦክስጅን ይጨምራል። ፓምፑን ከውሃው ወለል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ዝቅ ካለ መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ወደኋላ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ወለሉ ላይ። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ጠብታ ተንሸራቶ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ነው። እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ።

ተክሉን በመጀመሪያው ቀን አስገቡ። ለኛ ውሃ የሚመቹት ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርት፣ አኑቢያስና ጃቫ ሞስ ናቸው። ቫሊስኔሪያ አሸዋ ውስጥ ይተከላል፤ ከባድ ውሃ ይወዳል፤ ከለመደ በኋላ እንደ ሣር ይዘምታል። ሆርንዎርት ሥር የለውም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፤ አሞኒያን በቀጥታ ስለሚወስድ ለጀማሪ እንደሱ ያለ የለም። አኑቢያስን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩ። ግንዱ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት። ሌላም ዘዴ አለ፦ ሳሎን ውስጥ በብርጭቆ የሚቀመጠውን መኒ ፕላንት ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ ንከሩት፤ ቅጠሉ ውጭ ይሁን። ናይትሬቱን ይመጠዋል።

መብራት በቀን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይበቃል፤ ተራ ነጭ ኤልኢዲ ይሆናል። ማታ ብታበሩት ይመረጣል፤ ቀን ላይ ተጨማሪ ሙቀት አያስፈልገንም።

አሁን በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት አሞኒያ ከዚያ ይወጣል። የቆየ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ የስፖንጁን ጭማቂ ወይም እፍኝ አሸዋ ለምኑት፤ ጊዜው በጣም ያጥራል። መመርመሪያ ካገኛችሁ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ዝግጁ ነው። የቧንቧውን ውሃም ለብቻው መርምሩት። የከተማ ጉድጓድ ውሃ ገና ሲቀዳ ናይትሬት ሊኖረው ይችላል፤ ያንን ሳታውቁ ማጣሪያውን ትወቅሳላችሁ። መመርመሪያ ከሌለ ተክሉን እዩ። አዲስ ቅጠል እያወጣ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ መጀመር ይቻላል፤ ግን በሁለት ዓሣ።

ቀንድ አውጣ

ከዓሣው በፊት ቀንድ አውጣ ይግባ። የተረፈ ምግብ፣ የበሰበሰ ቅጠልና መስታወት ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ ይበላል። ከተክሉ ጋር ሳትጠሩት የሚመጣም አለ። ተዉት፤ አይጎዳም። በድንገት ከበዛ ምግብ እያበዛችሁ ነው ማለት ነው። ማታ የተቀቀለ የዝኩኒ ቁራጭ ጣሉ፤ ጠዋት የተሰበሰቡበትን አውጡ።

ከወንዝና ከኩሬ ግን ቀንድ አውጣ አታምጡ። የብልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑት በአገራችን ወንዞች ውስጥ ይኖራሉ። ልጆች የሚነካኩት መስታወት ውስጥ ይሄ መግባት የለበትም።

ዓሣ

ለ40 ሊትር ምርጫዬ ወንድ ጉፒ ነው። አምስት ወይም ስድስት። ለምን ወንድ ብቻ? ሴቷ በወር በወሩ ከሃያ እስከ ሃምሳ ትወልዳለች። የወንዱን ዘር ለወራት ሆዷ ውስጥ ስለምታቆይ ብቻዋን ብትገዟትም ትወልዳለች። ቀለሙ የሚያምረው ወንዱ ስለሆነም የሚጎድልባችሁ የለም። ሞሊ ያድጋል፤ ለዚህ መጠን ይተልቃል።

ሌላው ምርጫ አንድ ቤታ ነው፤ ፋይተር የሚሉት። ላይ ወጥቶ አየር ስለሚጎርስ ኦክስጅን ቢቀንስም ይቋቋማል፤ ሙቀትም ይወዳል። ለድሬ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ብቻውን ይኑር። ሁለት ወንድ ካስገባችሁ አንዱ ይሞታል። ትናንሽ ሽሪምፖችንም ይለቅማል።

ጎልድፊሽን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ፣ በጣም የሚያቆሽሽ፣ በደንብ ከተያዘ ከአስር ዓመት በላይ የሚኖር ትልቅ ዓሣ ነው። ለሳሎን ብርጭቆ መሸጡ ያናድደኛል።

ዓሣው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አይመገብ። ፌስታሉ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ቀሪው አየር ይሁን። በፎም ሳጥን አሽጉት። የአውቶቡስ ኮፈን ውስጥ አይግባ፤ አዋሽና ሚኤሶ ላይ በቀትር ይቀቀላል። ቤት ሲደርስ ቶሎ አትዘርግፉት። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ከኛ ይለሰልሳል፤ ድንገተኛ ለውጥ ይጎዳዋል። ፌስታሉን 20 ደቂቃ አንሳፍፉ። ከዚያ ዓሣውን ከነውሃው ባልዲ ውስጥ አድርጉና የራሳችሁን ውሃ በጠብታ አፍስሱበት። ለዚህ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ግሩም ዕቃ ነው። ጠብታውን በመቆጣጠሪያዋ ትመጥናላችሁ። ለዓሣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ለሽሪምፕ ሁለት። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አንሱ፤ የመጣበትን ውሃ ድፉት።

ሽሪምፕ

መጨረሻ የሚገባው እሱ ነው። ቼሪ ሽሪምፕ የሚበላው ተክልና ድንጋይ ላይ የሚይዘውን ስስ ዝቃጭ ስለሆነ አኳሪየሙ ሁለት ሦስት ወር ይቆይ። አስር ቢሆኑ ጥሩ መነሻ ነው። ጃቫ ሞስ የግድ ነው፤ መደበቂያውም ማዕዱም እሱ ነው።

ምቾቱ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ነው። 30 ሲያልፍ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ሳትገዙ ሽሪምፕ አትግዙ። ቤታችሁ በሰኔ ቀን ላይ ምን ያህል እንደሚሞቅ ካላወቃችሁ የመጀመሪያውን ዓመት በጉፒና በቀንድ አውጣ አሳልፉት።

ሌላው ጠላቱ መዳብ ነው። አንዳንድ የዓሣ መድኃኒትና የተክል ማዳበሪያ መዳብ አለበት። ዓሣ ይድንበታል፣ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ግን ያልቃሉ። ወለሉ ላይ ባዶ ቅርፊት ብታዩ አትደንግጡ፤ ሲያድግ ይቀይረዋል። አታውጡት፤ መልሶ ይበላዋል። ሴቷ እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ለአንድ ወር ያህል ይዛ ትዞራለች።

የሳምንቱ ሥራ

በሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ ቀይሩ። አሸዋው ላይ ያለውን ቆሻሻ በጎማ ስባችሁ አውጡ፤ ያ ውሃ ለአበባ ማዳበሪያ ነው። አዲሱ ውሃ ከነባሩ ጋር በሙቀት የተቀራረበ ይሁን። ስፖንጁን በወር አንዴ፣ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በቧንቧ ካጠባችሁት አንድ ወር የጠበቃችሁት ባክቴሪያ ሄደ።

የሚተነውን ለመተካት ግን የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ካልሲየሙ ይቀራል። የቧንቧ ውሃ በላዩ ስትጨምሩ ውሃው በየሳምንቱ ይከብዳል። የዝናብ ውሃ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ጣሪያው ይታጠብ። ካልሆነ የቧንቧውን ውሃ አፍሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ነጩ ዝቃጭ ሲሰፍር ከላይ ያለውን ቅዱ። ማፍላት ካልሲየም ካርቦኔቱን ስለሚያስወጣ ውሃው ይለሰልሳል።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወውና፣ የእናንተው ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ቢጾም ግን ጤናው ነው።

ሙቀቱ ሲበረታ

ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ከባዱ ጊዜ ነው። ዓሣው ላይ ተሰብስቦ አፉን ከፈተ ዘጋ ካደረገ ኦክስጅን አጥሮታል።

መጀመሪያ የመስታወቱን ክዳን አንሱና በአጎበር ጨርቅ ተኩት፤ ጉፒ ይዘላል። ከዚያ ትንሽ ቬንትሌተር የውሃው ገጽ ላይ አነጣጥሩ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ውሃውን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዲግሪ ያወርደዋል። በምላሹ በየቀኑ ውሃ መሙላት አለባችሁ። ካልበቃ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ በረዶ አድርጋችሁ እስከነክዳኑ አንሳፍፉ። አንድ ግማሽ ሊትር ብቻ፣ ቴርሞሜትሩን እያያችሁ። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዲግሪ በላይ መውረድ የለበትም። በረዶውን በቀጥታ አትጨምሩ።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አቁሙ። በሲኒ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ። መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ አልብሱት። በፓወር ባንክ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከተገኘ ግን ከዚህ ሁሉ ያድናል። ለአኳሪየም የምታወጡት ምርጥ ገንዘብ እሱ ነው።

ሐረር ላላችሁ

አብዛኛው መመሪያ ለእናንተም ይሠራል፤ ውሃው እንኳ ከኛው አጠገብ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ ተገፍቶ ነው የሚደርሳችሁ። ልዩነቱ ሙቀቱ ነው። እዚያ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ለጉፒና ለቤታ 50 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ 25 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ሽሪምፕ ግን ያለ ማሞቂያ ይደላዋል። በዚህ በዚህ እቀናባችኋለሁ። የግንብ ቤት ወፍራም ግድግዳ ቀንና ሌሊቱን ስለሚያቀራርበው የጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ሳሎን ለሽሪምፕ ከኛ ቆርቆሮ ቤት በብዙ ይሻላል።

ከበዙ፣ ከሄዳችሁ

የተረፈ ጉፒ፣ ቀንድ አውጣም ሆነ ተክል ወንዝ ውስጥ አይጣል። እዚያ ከተራባ የአገሩን ዝርያ ያጠፋል። ለሚጀምር ጎረቤት ስጡ። ተክሉን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ጣሉት።

ለቁልቢ እንግዳ ሆናችሁ ወይም ለበዓል አንድ ሳምንት ከቤት ብትርቁ ጤነኛ ዓሣ ሳይበላ ይቆያል። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ውሃ ቀይሩ፤ እስከ አፉ ሙሉት። ጎረቤት ካስቸገራችሁ ምግቡን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ ቆርቆሮውን ደብቁ። አደራ የተባለ ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያበላው።